ሊቀ ጠርጣሪያን እና ጥርስ የሌላት ጓጉንቸር

በኢንተርኔት የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ፣ ጫማም ይሽጥ ድስት፣ አንድ ጠርጣሪ ደንበኛ አለው። ይህ ሰው ታክሲ ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጠ መንገደኛ የደም ግፊቱን፣ የአማቱን አመልና የባንክ ደብተሩን የደበቀበትን መሳቢያ ሳይጠየቅ ይነግራል። የክሬዲት ካርድህን ቁጥር ድረ ገጹ ላይ ጻፍ ሲባል ግን ድንገት የመንግሥት ምስጢር ጠባቂ ይሆናል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ካላወቃችሁት ምናልባት ራሳችሁ ናችሁ።

የእኛው ደንበኛ ግን የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። የምሠራው የልብስ ስፌት መኪና በኢንተርኔት በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው። ባንኮኒ የለንም። ያለን ሦስት ጠረጴዛ፣ አንገቱ የተጣመመ ቬንትሌተርና አንድ ስልክ ነው። ስልኩን የማነሣው እኔ ነኝ፤ ሥራዬም በአንድ አባባል ያልቃል፦ «አይስጉ፣ ደንበኛችን፤ ክፍያው አስተማማኝ ነው።» ይህን በቀን ሠላሳ ጊዜ እላለሁ። ቢሮው በሙሉ ድምፅ «ክቡር ሊቀ ጠርጣሪያን» ብሎ የሰየማቸው ሰው መደወል ከጀመሩ ወዲህ ግን ሠላሳውም ለእሳቸው ሆነ።

ክቡርነታቸው አርባ ዓመት ቁልፍ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። መጀመሪያ የደወሉ ዕለት እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ መክፈያው ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ ጓጉንቸር ትታየኛለች።»

«አዎ አባባ፣ ገጹ የተጠበቀ መሆኑን የምታሳይ ምልክት ናት።»

«እሱስ ይሁን። ቁልፏ ስንት ጥርስ ነው?»

«ጥርስ የላትም አባባ። ሥዕል ናት።»

«ሥዕል» አሉ፣ ሐኪም ክፉ ውጤት እንዳነበበለት ሰው። «እኔም አርባ ዓመት በሰው በር ላይ ጓጉንቸር ስሥል ብኖር ወገቤን ባላመመኝ።»

ከሥዕሏ ጀርባ ያለውን አስረዳኋቸው። ቁጥሩ ከኮምፒውተራቸው ሲወጣ መንገድ ላይ ማንም ሊያነበው ወደማይችል ምስጢራዊ ጽሑፍ ተለውጦ በቀጥታ ወደ ባንክ ይሄዳል። እኛ አናየውም፤ አናስቀምጠውም። ባንኩም አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር ወደ ስልካቸው ልኮ ከፋዩ እሳቸው መሆናቸውን ያረጋግጣል። በጥሞና ሰሙኝ፤ መረቁኝ። በማግሥቱ ደውለው «ስለዚያች ጓጉንቸር ሳስብ ነበር» አሉ።

ጊዜ ቢኖራቸው እኔም ባልቸኮልኩ። ባለቤታቸው የተማሪዎች ዩኒፎርም ሰፊ ናቸው። መኪናቸው ተሰብሮባቸዋል፤ ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ወፍራም ጨርቅ የምትበሳና እንደለመዱት በእግር የምትረገጥ መኪና ደግሞ መጋዘናችን ውስጥ የቀረችው አንዲት ብቻ ናት። ደንበኛ ዕቃ ከመረጠ በኋላ ድረ ገጹ የሚይዝለት ለአሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ክቡርነታቸው ሁልጊዜ በአሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ አዲስ ጥያቄ ይመጣላቸዋል።

«አንተ ሰውዬ!» ይላሉ ባለቤታቸው ከበስተኋላ። «መቶ ሃያ ሱሪ በጥርሴ ልስፋ?»

«ቆይ እንጂ፣ እያጣራሁ ነው!»

«ልጆቹ እስኪመረቁ አጣራ!»

አንድ ቀን ዝግጅታቸው ተጠናቀቀ። መጋረጃው ተዘጋ። የኮምፒውተሩ ካሜራ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጠፈ። ባለቤታቸው ወደ ጓሮ ተሸኙ። ድመቷም ተባረረች።

«ድመቷ ደግሞ ምን አጠፋች?» አልኳቸው።

«ትኩር ብላ ታያለች።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የካርዱን ቁጥር ግማሽ ዛሬ በስልክ፣ ሌላውን ግማሽ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚነግሩኝ አስታወቁ።

«አባባ፣ አንዱንም እንዳይነግሩኝ! ገጹ ላይ ራስዎ ነዎት የሚጽፉት። እኛ በስልክ አንቀበልም።»

«ለምን? አጠገብሽ ማን አለ?»

«ቬንትሌተር ብቻ ነው ያለው።»

«ካሜራ አለው?»

በዚያው ሳምንት በቢሮው ስልክ ላይ እንግዳ ነገር መጣ። «የባንክ ዋና ተቆጣጣሪ ነኝ» ያለ ወፍራም ድምፅ የአንድ ጡረተኛ ቁልፍ ሠሪ የካርድ ቁጥር ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። የለንም አልኩት። ቀጥሎ «የወንድሙ ልጅ ነኝ» ባይ ደውሎ አድራሻቸውን ፈለገ። አልሰጥም አልኩት። ሦስተኛዋ አፍንጫዋን ጨምድዳ የያዘች የምትመስል ሴት ነበረች፤ የጡረተኛው ዕቃ ክፍያው ሲያልቅ ወደ ሌላ ቤት ይላክልኝ አለች። እሷንም በትሕትና ሸኘኋት። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ፦ ከሦስቱም ድምፆች ኋላ አንዲት ሴት ስለ ሱሪ ትጮኽ ነበር።

ዓርብ ዕለት አለቃዬ መጥታ፣ አንዲት መጋረጃ ሰፊ ያችኑ መኪና እንደፈለገች ነገረችኝ። «ቀድሞ የከፈለ ይወስዳል» አለች። ወዲያው ደወልኩ።

«አባባ፣ ዛሬ ካልከፈሉ መኪናዋ ልትሄድብዎት ነው።»

መጋረጃ ሲጎተት ሰማሁ። ድመት ስታጉረመርም ሰማሁ። በር ተቆለፈ። ከዚያ የአንድ ጣት ኳኳታ ለረጅም ጊዜ ቀጠለ፤ እያንዳንዱ ቁጥር እንደ ምስማር ነበር የሚመታው።

«መጣ!» ብለው ጮኹ። «ባንኩ ስድስት አሃዝ ላከልኝ። ልጄ፣ ዓይኔም ደከመ፣ ሰዓቱም እያለቀ ነው። ልንገርሽና አንቺ ጨርሺልኝ?»

ከአሥራ አምስቱ ደቂቃ የቀረው ሁለት ነበር። መጋረጃ ሰፊዋ እዚያ ማዶ ካርዷን አውጥታ ትጠብቃለች። የመቶ ሃያ ሱሪ ዕጣ በአንድ «እሺ» ላይ ተንጠልጥሏል።

«አይንገሩኝ!» አልኩ፤ ቢሮው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ለእኔም፣ ለአለቃዬም፣ ከባንክ ነኝ ብሎ ለሚደውልም አይንገሩ! መኪናዋ ትቅር እንጂ አይንገሩኝ!»

ስልኩ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ፤ ሳልና ሳቅ እየተቀባበሉ።

«ጥርሷን አገኘሁት!» አሉ። «አየሽ ልጄ፣ እኔ ቁልፍ ጥሩ ነው የምለው ለመክፈት ታግዬ ሲያቅተኝ ነው። ተቆጣጣሪ ሆኜ መጣሁ፣ በሩን አልከፈትሽም። ሴት ሆኜ እንኳ መጣሁ! እንዲህ ያለ ጓጉንቸር በዕድሜዬ ሦስት ብቻ ነው ያጋጠመኝ።»

«አባባ፣ ሰዓቱ!»

ጣታቸው ስድስት ጊዜ ኳ አለ። «ክፍያው ተፈጽሟል ይላል» አሉ፣ እንደ ሕፃን እየፈነደቁ። እኔም ወንበሬ ላይ ቆሜ ነበር። ባለቤታቸው የጓሮውን በር ይደበድባሉ፤ ክቡርነታቸው በችኮላ ቆልፈውባቸው ኖሯል። ቁልፉ የገዛ እጃቸው ሥራ ስለሆነ በቀላሉ የሚከፈት አልነበረም።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። አምስት ዓመት ሙሉ «አይስጉ» ስል የኖርኩት እኔ በራሴ ካርድ በኢንተርኔት አንዲት መርፌ ገዝቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ቀይ ጫማ አየሁና ልቤ ሸፈተ። ካርዴን አወጣሁ። የመጨረሻው ቁልፍ ላይ ስደርስ ጣቴ አየር ላይ ቀረ። በቃሌ የማውቀውን ስልክ ደወልኩ። ከበስተኋላ የስፌት መኪና ይንጎራጎራል።

«ማናት?» አሉ ባለቤታቸው።

«ደንበኛ ናት፤ ፈርታ ነው» አሉ ክቡርነታቸው። ከዚያም ወደ እኔ ተመለሱ። «የገጹን አድራሻ ፊደል በፊደል አየሽው?»

«አየሁት።»

«ጓጉንቸሯስ?»

«አለች።»

«ስድስቱ አሃዝ ሲመጣ ለማን ትነግሪያለሽ?»

«ለማንም።»

«ለእኔስ?»

«ለእርስዎም!»

ክቡርነታቸው አፍንጫቸውን ያዙ፤ ያችን ሴት ወዲያው አወቅኋት። «አይስጉ፣ ደንበኛችን» አለችኝ። «ክፍያው አስተማማኝ ነው።» ስልኩን ልዘጋ ስል ግን የገዛ ድምፃቸው ተመለሰ። «ለመሆኑ መጋረጃውን ዘግተሻል?»

ዘግቼ ነበር።