ካፒቴኑ ኡራኤል ጋ ሊወርድ ሲል

የዛሬውን ጉዴን ከሰማችሁ በኋላ "ካፒቴን" ብሎ የሚጠራኝ ሰው መኖሩን እንጃ! ግን ባለቤቴ ለሰፈሩ ሳታዳርስ እኔው ልናገር።

እንደምታውቁት፣ ስለ አውሮፕላን ያላነበብኩት የለም። ያውም ያለ አስተማሪ! "ጋሼ፣ ስለ በረራ ምን እናንብብ?" ላላችሁኝ ምርጦቼ እነሆ።

ክንፍ እንዴት አየር ላይ እንደሚቆም የሚያስረዳው ቀጭኑ መጽሐፍ። ስታዲየም አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው ያገኘሁት። ሽፋን የለውም፤ ግን ዕንቁ ነው።

አንበጣ ላይ መድኃኒት ሲረጭ ያረጀው አብራሪ ትዝታ። ሁለቴ አስለቅሶኛል።

የሞተር ጥገና መመሪያው ደግሞ ወፍራም ነው። ትራስም ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ አልነገርኳችሁም። ተሳፍሬ አላውቅም ነበር!

ባለቤቴ ብዙነሽ አውሮፕላን ትፈራለች። ከድሬዳዋ ሠርግ ስንመለስ "እኔ እያለሁልሽ!" ብዬ አግባባኋት።

"እሺ ካፒቴን፤ ብቻ እንዳታዋርደኝ" አለች።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ዓይኔን ጨፈንኩ። ለማሰላሰል ነው! እሷ በመስኮት ደመናውን ስታደንቅ፣ እኔ ወንበሩን እንደጨበጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ድንገት ጎማው መሬት ነካ። ፍጥነቱ ቀነሰ። ማለቴ፣ ዕድሜ ልኬን ኡራኤል ሰፈሬ በታክሲ የምመላለስ ሰው ነኝ። ብድግ ስል አፌ ቀደመኝ።

"ኡራኤል ጋ ወራጅ አለ!"

በቃ። አውሮፕላኑ በሳቅ ፈረሰ።

"አባባ ይቀመጡ፣ ገና አልቆምንም!" አለች አስተናጋጇ፣ ሳቋን እየዋጠች።

ከኋላዬ አንድ ጎረምሳ፣ "ኡራኤልን አልፈነዋል ፋዘር፣ ካዛንቺስ ይውረዱ!"

ብዙነሽ በነጠላዋ ተሸፋፈነች። እንደማታውቀኝ ሆነች።

ከቦሌ የካዛንቺስ ታክሲ ያዝን። ማን ከጎኔ ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ያው ጎረምሳ!

ኡራኤል ደረስን። ልጁ አፍ አፌን ያያል። እንዴት ብዬ "ወራጅ" ልበል? ዋጥኩት። ብዙነሽ እንደሆነች አኩርፋለች።

ታክሲው አለፈ።

እንደተባልኩትም ካዛንቺስ ወረድኩ! ሻንጣ ተሸክመን ወደ ኋላ ስንመለስ ኩርፊያዋ ፈነዳ።

"አውሮፕላን ላይ ያለቦታው የተከፈተ አፍ፣ በቦታው ሲሆን ምን ዘጋው?"

ፍርዷንም ሰጠች፤ ከእንግዲህ እሷ በአውሮፕላን፣ በመስኮቱ በኩል። እኔ በአውቶቡስ።

መጽሐፎቹን ግን አንብቧቸው፤ ስለ መነሣት አንደኛ ናቸው! እስቲ እናንተ ደግሞ ጠቁሙኝ፦ ስለ መውረድ የተጻፈ አለ?