የራሊ ሕግ በጌጫ ዳገት

መኪና የሌለውን ሰው ያህል ስለ መኪና የሚያውቅ የለም። ባለመኪናማ የሚያውቀው የጋራዡን በር ብቻ ነው። ሞተር ፈትተን የምንገጥመው፣ ማርሽ የምንተቸው፣ ጎማ የምንመርጠው እኛ ነን… በአፋችን። እኔ ቴፒ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በሕይወቴ መሪ የጨበጥኩት አንድ ቀን ነው፤ እሱም የጎረቤቴን ባጃጅ። ሃያ ሜትር ያህል ሄድን፤ ከዚያ ሰው ቡናውን ያሰጣበት አልጋ ላይ ወጥተን ቆምን። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ባለቤቴ እጄን ትይዛለች።

የራሊ ነገር ሲነሳ ግን የሚችለኝ የለም። ራሊ ለማታውቁ፣ መኪኖች ኮረኮንች፣ ጭቃና ጫካ እያቋረጡ የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ነው። “ይህማ የእኛ የየቀኑ ኑሮ ነው” እንደምትሉ አውቃለሁ። ልዩነቱ፣ እነሱ ሲደርሱ ዋንጫ ይሰጣቸዋል፤ እኛ ስንደርስ “እንኳን በሰላም ገባችሁ” ይሉናል።

ታዲያ አንድ ቀን በስልኬ ዜና አነበብኩ። የውድድሩ የበላዮች የዋናውን ምድብ መኪኖች የቴክኒክ ደንብ ለመቀየር ሐሳብ አቅርበዋል። ቤንዚኑን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ከነባትሪው ይነሳ፤ ሞተሩ አየር የሚስብበት ቀዳዳ ይጥበብ፤ መሬት እንዲቆነጥጥ ከኋላ የተገጠመለት ክንፍ ይነስ፤ ክብደቱ ይቀነስ፤ መኪናው ይርከስ። ይህን ሳነብ የተቀመጥኩት የኑረዲን ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ ነበር። ኑረዲን በቴፒና በጌጫ መስመር የሚሠራ ሾፌር ነው። አባቱ ከጅማ መጥተው ቴፒ ላይ ሱቅ ከፈቱ፤ ልጁ ሱቁን ትቶ መሪ ያዘ። ዜናውን ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

“መምህር፣ የአየሩን ቀዳዳ ለምንድን ነው የሚያጠቡት?” አለኝ።

“ፍጥነቱ በዛ ብለው ነው።”

“የእኔን ማጥበብ አያስፈልጋቸውም። በአቧራ ራሱን አጥብቧል።”

“ባትሪውንም ሊያነሱት ነው።”

“እሱስ ደርሶብኛል። ባለፈው ክረምት ሌባ አነሳልኝ።”

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ነገሩም እዚያው የቀረ መሰለኝ። ለካ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ሰው ወሬውን ይዞ ወርዷል። በሳምንቱ የመስመሩ ባለንብረቶች ሊቀመንበር አቶ ደሳለኝ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። አቶ ደሳለኝ ስብሰባ የሚወድ፣ ማህተም ከኪሱ የማይለየው ሰው ነው። ጌጫን የሚያውቃት በቃለ ጉባኤ ነው ይባላል። በዝናብ ጊዜ ዳገቱ ላይ መኪና እየተቀረቀረ ስላስቸገረ፣ የመኪኖቹን የቴክኒክ ደንብ እንዲያወጣ ኃላፊነት ተሰጥቶታል።

“መምህር፣ በዓለም ደረጃ ምን እየተሠራ እንደሆነ ታውቃለህ አሉኝ” አለ።

ወገኖቼ፣ እኔን ያጠፋችኝ ይህቺ “በዓለም ደረጃ” የምትባል ቃል ናት። ሃያ ዓመት ስለ ፍትጊያ ኃይል ሳስተምር አንድ ሰው እንኳ በዓለም ደረጃ ጠይቆኝ አያውቅም። ወደ ስብሰባቸው ሄድኩ። በቃለ ጉባኤው ላይ “የቴክኒክ አማካሪ” ተብዬ ተመዘገብኩ፤ ለስላሳም ተከፈተልኝ። ለስላሳውን እየጠጣሁ የዓለምን ራሊ ዘረዘርኩላቸው።

“ጥሩ፤ አንድ በአንድ ወደ እኛ እናምጣው” አለ አቶ ደሳለኝ። “በዓለም ደረጃ ተጨማሪ ኃይል እየተነሳ ነው። የእኛ ተጨማሪ ኃይል ምንድን ነው?”

በር አጠገብ የተቀመጠው ኑረዲን እንደ ቀልድ፣ “ተሳፋሪ ነዋ፤ ጭቃ ላይ ወርዶ የሚገፋው” አለ።

አቶ ደሳለኝ አልሳቀም፤ ጻፈው። አንቀጽ አንድ፦ ተሳፋሪ መኪና እንዳይገፋ። ሁሉም አጨበጨበ፤ ለሕዝብ የታሰበ መሰለና። አንቀጽ ሁለት፦ የአየር መግቢያ ይጥበብ፤ ማለትም መስኮት እንዲዘጋ።

“አቶ ደሳለኝ፣ ያ የሞተር አየር ነው፤ የሰው አይደለም” አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

“መምህር፣ አየር አየር ነው።”

እዚህ ላይ አንድ የፊዚክስ መምህር ተነስቶ መናገር ነበረበት። ግን ለስላሳው አላለቀም፤ ስሜም ገና እየተጻፈ ነበር። ጠርሙሱን አነሳሁ። አንቀጽ ሦስት ክብደትን ይመለከታል፦ መኪና ዳገት ላይ ካቃሰተ ከተሳፋሪው በጣም ከባድ የሆኑት ሦስቱ ይውረዱና ዳገቱን በእግራቸው ይጨርሱ። በዚህኛው ላይ ማንም አልተከራከረም። ሰው ሁሉ ከእኔ የሚከብድ ሌላ አለ ብሎ ያስባል።

ኑረዲን ስንወጣ፣ “አንዳችሁ እንኳ ዳገቱን ጠይቃችሁታል?” አለኝ። ሾፌር ነገር ማቅለል ይወዳል ብዬ አለፍኩት።

ደንቡ ታትሞ በየመኪናው መስታወት ላይ ተለጠፈ። እኔ የፈተና ወረቀት ሳርም ሁለት ሳምንት ከቴፒ ሳልወጣ ቆየሁ። በመሃል የታናሽ ወንድሜ የሀብታሙ ጉዳይ ደረሰ። ሀብታሙ ጌጫ የምትሠራ መሠረት የምትባል ነርስ ወዶ፣ እሷም ወዳው፣ የቀረው ሽማግሌ መላክ ነበር። አባቷ አቶ ገረመው ማር የሚቆርጡ፣ ቃላቸውንና ሰዓታቸውን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። “ከጠዋቱ አራት ሰዓት ኑ፤ ከእናንተ በኋላ ለዚሁ ጉዳይ ከማሻ ሌሎች ሽማግሌዎች ይመጣሉ” ብለው ልከዋል። ከዚህ በፊት አርፍደው የመጡ ሽማግሌዎችን ከደጅ እንደመለሱ ሰምተናል። ሀብታሙ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም ነበር።

እኔ፣ ሐጂ ከድርና ጋሽ ማሞ ሆነን ወጣን። ሐጂ ከድር በቴፒ ገበያ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ነገር ሲናገሩ ጨርቅ እንደሚለኩ ነው፣ አያስረዝሙም፣ አያሳጥሩም። ጋሽ ማሞ ደግሞ ብዙ ይመርቃሉ፣ ጥቂት ይናገራሉ። እኔ ለሠርጌ የተሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሻለሁ፤ ሆዴ ላይ ቁልፉ አልገጥም ቢልም በነጠላ ሸፍኜዋለሁ።

የኑረዲን መኪና ውስጥ ስንገባ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። የቴፒን ሙቀት ለምታውቁ ምንም አልጨምርም። ከጎኔ አንዲት እናት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘዋል፤ ከከተማው ሳንወጣ ቅቤው መቅለጥ ጀመረ።

“ልጄ፣ ያንን መስኮት ክፈተው” አሉኝ።

“እማማ፣ ደንብ ነው” አለ ኑረዲን፣ በመስታወቱ እኔን እያየ።

“ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን ያወጣው?”

ኑረዲን ጨዋ ነው፤ ማርሽ ቀየረ። እኔም በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ያዝኩ።

ዳገቱ መሃል ስንደርስ፣ ሌሊት የጣለው ዝናብ መንገዱን አቡክቶት ጠበቀን። ጎማው ዞረ፣ ጮኸ፣ ሰመጠ። ተሳፋሪው እንደ ልማዱ ሊገፋ ተነሳ። ጃንጥላ ይዞ ዳር የቆመ ሰው ግን እጁን አነሳ። አቶ ደሳለኝ ነው። የደንቡን አፈጻጸም ሊከታተል መጥቷል።

“አይገፋም። መጀመሪያ ሦስት ከባድ ሰው ይውረድ” አለና አንገቱን አስገብቶ ተሳፋሪውን ቃኘ። ባለቅቤዋን እናት አወረደ። አንድ የጣውላ ነጋዴ አወረደ። ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈና ፊቱ በራ። “አማካሪያችን! እንኳን መጣህ። ሕዝቡ ከአንተ ይማር፤ ውረድ።”

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅም ይባላል። ወረድኩ፤ ጫማዬ ተዋጠ። ሦስታችን ወርደንም መኪናው ንቅንቅ አላለም። ኑረዲን ሞተሩን አጠፋና በመስኮቱ… ይቅርታ፣ በበሩ ብቅ አለ።

“መምህር፣ ደንቡ ከዚህ በኋላ ምን ይላል?”

ከዚህ በኋላ ምንም አይልም። ከሦስት በኋላ አንቀጽ አልጻፍንም፤ ለስላሳው አልቆ ነበር።

ሐጂ ከድር ሰዓታቸውን አዩ። “ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ወንድምህ ይዳር ወይስ አንቀጹ ይከበር?” አሉኝ፣ በለሆሳስ።

ሀብታሙ ትናንት ማታ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲያይ ትዝ አለኝ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ለራሱ ነገር ለምኖኝ አያውቅም። ነጠላዬን አጣጥፌ ለባለቅቤዋ እናት ሰጠሁና ከመኪናው ኋላ ሄጄ ትከሻዬን ሰጠሁ። እኔን አይቶ ሰው ሁሉ ወረደ። ኑረዲን ነዳጅ ሰጠ። መኪናው ወጣ። ያ ሁሉ ጭቃ ግን መሄጃ ያስፈልገው ነበርና ወደ እኔ መጣ። ዓይኔን ስጠርግ አቶ ደሳለኝ በማስታወሻው ላይ ይጽፋል። “አዝናለሁ መምህር፤ ‘የቴክኒክ አማካሪው አንቀጽ አንድን ጥሷል’ ብዬ ነው የማሰፍረው” አለኝ።

አቶ ገረመው ደጅ የደረስነው አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ብዙ አላለፈም፤ ግን አልፏል። ሽማግሌው በራፋቸው ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል። ጋሽ ማሞን አዩ፣ ሐጂ ከድርን አዩ፣ እኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

“ይሄ ማነው?”

“የልጁ ታላቅ ወንድም ነው” አሉ ሐጂ ከድር።

“ምን አገኘው?”

“መኪናው ዳገቱ ላይ ተይዞ ነው።”

አቶ ገረመው ፊታቸው ጠቆረ። “ያ ዳገት ምን አጠፋ? አንድ ደንብ የሚሉት መጥቶብን ነው እንጂ። ባለፈው ቅዳሜ ማሬን ሸጬ ከቴፒ ስመለስ፣ መስኮት ዘግተው ቀቅለውኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ‘ከባድ ነህ’ ብለው በጭቃ አስኬዱኝ። ያወጣውን ሰው ባውቀው ይህን ደጅ አይረግጣትም ነበር።”

ሀብታሙ ዓይኔ ላይ ድቅን አለብኝ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ሐጂ ከድር ግን ያውቃሉ። ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ያለ ብቅል የሐጂ ከድር ዓይን አወጣው።

“አባቴ፣ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ” አልኩ። “በወንድሜ አይፍረዱበት። እሱ ስለ ደንቡ የሚያውቀው የለም።”

አቶ ገረመው ከጫማዬ ጀምረው እስከ ፀጉሬ ቀስ ብለው አዩኝ።

“አንተንም አወረዱህ?”

“አወረዱኝ።”

“በከባድነት?”

“በከባድነት።”

“ከዚያስ?”

“ገፋሁ። እሱንም ደንቡ ይከለክላል።”

ሽማግሌው ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። የተቆጡ መስሎኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ሳቁ የመጣው ከሆዳቸው ነው፤ የበሩን መቃን ይዘው፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጋሽ ማሞ ምን እንደሚሉ ስለቸገራቸው ምርቃት ጀመሩ።

“ስንት ደንብ መጥቶ ሲሄድ አይቻለሁ” አሉ አቶ ገረመው ዓይናቸውን እየጠረጉ። “ያወጣው ሰው በራሱ ደንብ ሲጨማለቅ ግን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ደግሞም መጥቶ ይናገራል። ግቡ። ውኃ ስጡት፤ ደረቅ ጋቢም ፈልጉለት።”

ከማሻ የመጡት ሽማግሌዎች አርፍደው ደርሰው ሌላ ክፍል እንዲጠብቁ ተደረገ። ምን እንዳጋጠማቸው አልጠየቅሁም፤ ጭቃቸውን አይቻለሁ። እኛ ከምሳ በፊት “ልጃችንን ሰጥተናል” ተባልን።

በውጭ አገር ያ ደንብ ምን ደረሰ ብትሉ፣ ሾፌሮቹና ባለቡድኖቹ ሲያጉረመርሙ ከሐሳቡ የተወሰነውን ትተውታል አሉ። የእኛው እንደተለጠፈ ነው፤ የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሞለታል። ኑረዲን መስኮቱን የሚዘጋው አቶ ደሳለኝን ሲያይ ብቻ ነው።

ሰርጉ ከጾሙ በኋላ ነው። አቶ ገረመው ጥሎሽ አላበዙብንም፤ የድግሱንም ነገር ለእኛ ተዉት። ሲሸኙን በር ላይ የሐጂ ከድርን እጅ ይዘው አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስቀመጡ፦ የሰርጉን ፕሮግራም ታላቅ ወንድምየው እንዳያረቅቅ።