እግርህ እንዴት አደረ?

ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ የሥራ ቤት ሁሉ አንድ የብርድ ሊቅ አያጣም። ሚስማር ያልቃል፣ ኮላ ይደርቃል፣ መብራት ይጠፋል፤ ሊቁ ግን አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አይሽረውም። የበረዶው ወራት ሲገባ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣና በር ላይ ቆሞ የሰው ጫማ ይመረምራል።

በአርመኒያ፣ በግዩምሪ ከተማ፣ የአናጢዎቹ ሊቅ ቫርፔት ዬርቫንድ ነበሩ። ቫርፔት የሚባለው እጁ የተመሰከረለት ባለሙያ ነው። በግዩምሪ ግን ግማሹ ከተማ ቫርፔት ስለሆነ ማዕረጉ ብቻውን ያነሰባቸው መስሏቸው ይሆናል፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሌላ ጨመሩላቸው፦ ሊቀ ወለል። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። የሠሩት በር ሲዘጋ ድምፅ የለውም፤ እሳቸው ግን ከጥቅምት እስከ መጋቢት አይዘጉም።

እንደ ሰው እንዴት አደርክ ማለት አያውቁም። "እግርህ እንዴት አደረ?" ነው የሚሉት። ሚስቱ የወለደችለትም፣ ቤቱ ያፈሰሰበትም መጀመሪያ ስለ እግሩ ቃሉን መስጠት አለበት። "ደህና ነው" ብሎ ማለፍም የለም።

"ደህና ማለት ምንድነው? አውራ ጣቱ ነው ደህና ወይስ ተረከዙ?"

"ሁለቱም ቫርፔት።"

"ትናንትና ከዛሬ የትኛው ይሻላል?"

ጥያቄው ከሁሉ በላይ ያንገሸገሸው ቫራዝዳትን ነበር። ቫራዝዳት ከሊቁ አጠገብ የሚሠራ፣ ወደ አርባ የሚጠጋ አናጢ ነው። አሥራ ሁለት ክረምት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስለ ተረከዙ መልስ ሰጥቷል። አንዳንዴ ማታ ሚስቱ "እንዴት ዋልክ?" ስትለው "አውራ ጣቴ ትንሽ ደንዝዟል" ብሎ እስከ መመለስ ደርሶ ነበር።

የሊቁ ትምህርት ሰፊ ነው። አንደኛ፣ ሲሚንቶ ላይ መቆም ራስን መግደል ነው። ሰው በጣውላ ርብራብ ላይ ይቆማል፤ ከርብራቡ ሥር ጆንያ ይነጠፋል፤ ከጆንያው ሥር የመላጊያ ፍቅፋቂ ይጎዘጎዛል። ፍቅፋቂውም ማንኛውም ፍቅፋቂ አይደለም። የጥድ ይሞቃል፤ የወይራ ልቡ ደንዳና ስለሆነ አያሞቅም። ካልሲ ሁለት ስስ እንጂ አንድ ወፍራም አይደረግም፤ በሁለቱ መሀል ጋዜጣ ይገባል፤ ጋዜጣውም የቆየ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም አዲስ ወሬ ቀዝቃዛ ነው። የጠበበ ጫማ ያደረገ ሰው ምድጃው ውስጥ ቢገባም አይሞቀው። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ጫማውን አውልቆ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ ትኩስ ጡብ ላይ እግሩን ሰቅሎ ምሳውን ይበላል። ሽማግሌ ነኝ፣ አፍራለሁ፣ ካልሲዬ ተቀዷል ማለት አይሠራም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚባለውን እሳቸው ለብርድ ነው ያዋሉት። በእኛ በአርመኖች አፍ ሙቁ "ታክ" ነው፣ ታቹ ደግሞ "ታቅ"፤ ልዩነታቸው መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት ፊደል ናት። ሊቁ በዚህች ፊደል ሃይማኖት መሠረቱ። "ታኩ ከታቁ ነው" ይላሉ፤ ሙቀት ከታች ነው ማለታቸው ነው። ሰው ኮፍያ ሲደርብ ያዩ እንደሆነ ይህንን ይላሉ፤ ስለ ፖለቲካ ሲወራም ይህንኑ ይላሉ።

አንዴ ከዋና ከተማው ከዬሬቫን አንድ የተከበረ ደንበኛ ስስ ጫማ አድርጎ መጣ። የመጣው በር ሊያዝ ነው። ሊቁ ግን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ጫማውን አስወለቁት፣ ጋዜጣ ጠቀጠቁለት፣ ጡብ አቀረቡለት። ሰውየው የበሩን ልክ ግማሹን ረስቶ ሄደ። በሚቀጥለው ክረምት ሲመጣ ጋዜጣውን ራሱ ይዞ ነበር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አባ ኔርሴስ የቤተ ክርስቲያኑን በር ሊያዩ ገቡ።

"አባ፣ ገሃነም የት ነው?" አሏቸው ሊቁ።

"ከታች ነዋ።"

"ይሞቃል?"

"ይነዳል እንጂ!"

"ይኸው፤ መጽሐፉም ከኔ ጋር ነው" አሉ ሊቁ ወደ ባልደረቦቻቸው ዞረው።

ስላቪክ የሚባለው፣ ቀልድ ሳይጥል የማይውል ሠራተኛ "አባ፣ እንግዲህ በኛ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ቢያስከፍቱልን" አለ። አባ ኔርሴስ መስቀላቸውን አንስተው ሁሉንም ባረኩና ወጡ።

ሊቁን ያሳፈራቸው አንድ ቀን ብቻ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሱፍ የሚቃጠል ሸተተ። ሁሉም የራሱን እግር አየ። የሚጨሰው የቫርፔት ካልሲ ነበር፤ ጡቡ ላይ እንደተሰቀለ ጭስ ያወጣል፣ ባለቤቱ ዳቦ ይቆርሳሉ። ቫራዝዳት ነው እግራቸውን በእጁ አንስቶ ያራቀው። ስላቪክ "ሊቁ ሙቀት በዝቶባቸው ጨሱ!" ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እሳቸው ብቻ አልሳቁም፤ ካልሲውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱትና ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ ብርድ አንድም ቃል አልተናገሩም።

እንግዲህ ይህ የሥራ ቤት ድሮ ወለሉ ጣውላ ነበር ይባላል። መብራትም ጋዝም በጠፋበት በዚያ የጨለማ ዘመን ሌባ ነቅሎ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህ ባዶ ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ ብርዱ የጠነከረ ጠዋት፣ አንዱ እግሩን እየመታ የሚያሰማው እርግማን ነበረ። ብዙውን ጊዜ እርግማኑን የሚጀምረው ቫራዝዳት ነው።

"ይህን ወለል የነቀለ፣ እስኪሞት እግሩ አይሙቅ!"

"አሜን!" ይላሉ ቫርፔት ዬርቫንድ፣ ከሁሉ ጮክ ብለው፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ።

በዘንድሮው ጥር ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ሲገባ የሥራ ቤቱ ባለቤት ሾጊክ አዲስ ትእዛዝ አወጣች። ሾጊክ አባቷ ሲሞት ቤቱን የወረሰች፣ ነገሯ አጭርና ቁርጥ ያለ ሴት ናት። ጣውላ የሚያመላልስ ባለ ጎማ ጋሪ ገዝታለች፤ ጋሪው ግን በየርብራቡ እየተደናቀፈ መሄድ አልቻለም። ስለዚህ ርብራቡ ሁሉ ቅዳሜ ይነሣና በምትኩ የላስቲክ ምንጣፍ ይነጠፋል። ሐሳቧ ጥሩ ነው፣ ማንም ክፉ ነው አላለም። ቫራዝዳት በርብራብ ተደናቅፎ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ እንዲያውም ደስ አለው።

ቫርፔት ግን መላጊያቸውን አስቀመጡ።

"የኔም ይነሣል?"

"የሁሉም ይነሣል ቫርፔት። ላስቲኩ ይሻልዎታል።"

"ላስቲክ ብርዱን ይዞ ይቆያል እንጂ አያሞቅም ልጄ።"

"እስቲ ይሞክሩት።"

"እሺ" አሉ። ቀጥለውም ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ድምፃቸውን ሳይለውጡ "ርብራቤ ሲወጣ እኔም እወጣለሁ" አሉ።

ሁሉም ቀልድ መሰላቸው። ዐርብ ዕለት ግን ሽማግሌው መሮአቸውን አንድ በአንድ ዘይት ቀብተው በጨርቅ ሲጠቀልሉ ቫራዝዳት አየ። መሮውን እንዲያ አድርጎ የሚጠቀልል ሰኞ የሚመለስ ሰው አይደለም። ቫራዝዳት ደስ ይለኛል ብሎ ያሰበው ነገር ደስታ አልሆነለትም። ግን ምን ይበል? ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በክረምት እንደሚደረገው፣ ሥራ ቤቱ ውስጥ ኻሽ ተበላ። ሌሊቱን ሙሉ የተቀቀለ የላም እግር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ደረቅ ቂጣ፣ አንድ አንድ የእንጆሪ አረቄ። ስላቪክ ብርጭቆውን አንስቶ "ይቺ ላም እንኳ እግሯ ሙቅ ውሃ አግኝቷል፤ የኛ ግን..." አለ። ሳቁ ቶሎ ቆመ፤ ሊቁ ዓይናቸውን ከሳህናቸው አላነሡማ።

ከምግቡ በኋላ ርብራቡን የማንሣቱ ሥራ ለቫራዝዳት ደረሰ። የሌሎቹን አነሣ፤ ሁሉም ከቁርጥራጭ የተሠሩ ነበሩ። የቫርፔት ግን አንዲት ሰፊ፣ አሮጌ፣ ወጥ የጥድ ጣውላ ነበረች፤ በሠላሳ ዓመት መቆም መሀሏ ጎድጉዷል። ገለበጣት። አናጢ ወለል ሲያነጥፍ የትኛው ገጽ ወደ መሬት እንደሚውል እንዳይሳሳት ከሥሯ "ታቅ" ብሎ በእርሳስ ይጽፋል። እዚችም ላይ ተጽፏል፤ ግን የመጨረሻዋ ፊደል ተሰርዛ "ታክ" ተደርጋለች።

"ቫርፔት!" አለ ቫራዝዳት፣ የከበደውን አየር ሊያቀል ፈልጎ። "ሃምሳ ዓመት አናጢ ሆነው ‘ታች’ ብለው መጻፍ አቃትዎት? ሙቅ ብለውታል እኮ!"

ማንም አልሳቀም። ሾጊክ ልታይ ቀረበች፤ አጎንብሳ ፊደሏን ረጅም ጊዜ አየቻት። ጅራቷ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ፊደል ናት። በቢሮዋ ግድግዳ ላይ የቀሩት የድሮ ልኮች ሁሉ እንዲህ ዓይነት ጅራት አላቸው።

"ይሄ የአባቴ እጅ ነው" አለች። "ጣውላዋ ከየት መጣች ቫርፔት?"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። ሽማግሌው ባዶውን ብርጭቆ አስቀመጡ።

"ከወለሉ ናታ። ሌባ የሚባል የለም። የነቀልኩት እኔ ነኝ።"

ወደ ሾጊክ ዞሩ።

"ያነጠፍኩትም እኔ ነበርኩ፤ ሚስማሩ እንኳ አይታይም ነበር። ያን ክረምት መብራት የለም፣ ጋዝ የለም፣ የመንገዱ ዛፍ ሁሉ ተቆርጦ አልቋል። እናንተ ቤታችሁ በመሬት መንቀጥቀጡ ፈርሶ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበራችሁ። አባትሽ አንቺንና እናትሽን ተሸክሞ እዚህ አመጣችሁ። ሰባት ወርሽ ነው። ማልቀስ አቁመሽ ነበር። ሕፃን በብርድ ማልቀስ ሲያቆም..." ቀሪውን ተዉት። "አባትሽ መዶሻውን አንሥቶ ወለሉ ላይ ቆመ። መምታት አቃተው። የኔ ሥራ ስለሆነ ከኔ አፈረ። ‘አምጣው’ አልኩት። የመጀመሪያዋን እኔ ነቀልኩ። አባትሽ ገልብጦ ሲያያት ‘ታቅ’ ትላለች፣ በኔ እጅ። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወጣና አንዷን ፊደል ሰረዘ። ‘ታኩ ከታቁ ነው፣ ዬርቫንድ’ አለኝ። በዚያ ሰዓት ሳቅን፤ አስቡት። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዷን እንዲህ ሳያርም እሳት ውስጥ አይጨምርም ነበር። ከበሩ ጀምረን መጋቢት ሲገባ እዚህ ጥግ ደረስን። ብርዱ ተሰበረ፣ ይቺ ተረፈች።"

"ለምን ሌባ አላችሁ?" አለች ሾጊክ።

"ወለሉ ያን ጊዜ የአናጢዎቹ ማኅበር ንብረት ነበራ። ሌባ ወሰደው ብለን አመለከትን። ማኅበሩ ፈርሶ ቤቱ የአባትሽ ሆነ፤ የሌባው ወሬ ግን እንዳለ ቀረ።"

ቫራዝዳት ርብራቡን ትቶ ቀረበ። "ታዲያ እኔ ስራገም አሜን የሚሉት?"

"እርግማኑ ለማን እንዲሄድ ትፈልጋለህ? ለሞተ ሰው?" አሉ ሊቁ። "ደግሞም አዲስ ነገር አልጨመርክብኝም። ምድጃው ዙሪያ እናትና ልጅ ነበሩ፤ እኛ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ቆመን እንነቅል ነበር። እግሬ የዚያን ክረምት ሄደ። ቢቃጠልም ቢበርደውም አይነግረኝም። ወለሉ መቀዝቀዙን የማውቀው በእናንተ እግር ነው።"

አሥራ ሁለት ክረምት ሙሉ የመለሳቸው መልሶች ቫራዝዳትን አንድ በአንድ መጡበት። ግማሹ ውሸት ነበር፤ ቶሎ ለመገላገል ደህና ነው ያለበት ቀን ብዙ ነው። ያን ጊዜ ከዚህ ሽማግሌ ፊት ከመቆም ሲሚንቶው ተከፍቶ ቢውጠው ወደደ።

ሾጊክ ጣውላዋን በሁለት እጇ አንሥታ እንደ ነበረችው ወደ ቦታዋ መለሰቻት፤ "ታክ" የሚለውን ወደ ታች አድርጋ። ከዚያ ኖራ ይዛ የጋሪውን መንገድ ወለሉ ላይ አሰመረች፤ መስመሩ ጥጉ ጋ ሲደርስ ታጥፎ ዞሮ አለፈ።

ሰኞ ጠዋት ብርዱ አልቀነሰም። ቫርፔት ዬርቫንድ ከቦታቸው ነበሩ፤ መሮዎቹ ከጨርቃቸው ወጥተዋል። ቫራዝዳት በረዶውን ከጫማው እያራገፈ ገባ።

"እግርህ እንዴት አደረ?"

"አውራ ጣቴ ደንዝዟል ቫርፔት። ተረከዜ ደህና ነው። ወለሉ ከቅዳሜ ዛሬ ይከፋል" አለ፤ እያንዳንዷን እውነት አድርጎ። ቀጥሎ ጠየቀ፦ "የርስዎስ እንዴት አደረ?"

ይህን ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው የለም። ሽማግሌው እግራቸውን የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ ቁልቁል አዩት። ቫራዝዳት ተንበርክኮ ጫማቸውን አወለቀ፤ እግራቸውን በመዳፉ ያዘው። እንደ መጋዝ ብረት ነበር። ጡብ አስቀመጠላቸው፤ መጀመሪያ ግን በራሱ ክንድ ሙቀቱን ለካ።

ከዚያ ተነሥቶ፣ እንደ ልማዱ እግሩን ሲሚንቶው ላይ መታና፣

"ይህን ወለል የነቀለ..." አለ።

መላጊያው ሁሉ ቆመ።

"...እግሩ ይሙቅ!"

ሁልጊዜ አሜን የሚሉት ሰው ዛሬ ድምፃቸው አልወጣም፤ አንገታቸውን ደፍተው ፍቅፋቂውን በጣታቸው ያገላብጡ ነበር። በተከፈተው የቢሮ በር በኩል ግን የሾጊክ ድምፅ ጮክ ብሎ ተሰማ።

"አሜን!"