ስምንት ጆሮ ለአንድ መጥረቢያ

ሳያይ የሚያውቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የይጁቤው ጎረቤቴ አያ ደምሴ ዕውቀታቸው እንዲያ ነው። ቤት ሲሠሩ መጥረቢያቸው ቢጠፋ፣ በየሰንበቴው እኔን እያሳዩ «የዚህ ሰው እጁ አመል አለበት» ይሉ ነበር።

ዘንድሮ መሐንዲሷ ልጃቸው ከደብረ ማርቆስ፣ ሞገድ ልኮ ግድግዳ ውስጥ ያለውን የሚያሳይ ራዳር ይዛ መጥታ በዚያው ቤት የጭቃ ግድግዳ ላይ ሞከረችው። የሚመለሰውን ሞገድ በአንድ መቀበያ ብታዳምጥ፣ ስክሪኑ ላይ ጉም ብቻ ታየ።

«አላልኩም? ጭቃ ውስጥ ምን ይታያል!» አሉ አባት።

«በአንድ ጆሮ የሰማ ይሳሳታል፣ አባዬ» ብላ ስምንት መቀበያ ደረደረች። ጉሙ ተገፈፈ፤ ከምርጊቱ መሃል የመጥረቢያ ቅርጽ ወለል ብሎ ታየ!

መንደሩ እልል አለ። እኔም ጋቢዬን አስተካክዬ፣ «አያ ደምሴ፣ ግድግዳ ጆሮ እንዳለው ሰምቼ ነበር፤ የእርስዎ ግን እጁ አመል አለበት!» አልኳቸው።