የሊቀ ጠያቂያን ሼብዋና የዝምታ ሳምንት

በዓለም ላይ ትምህርት በተሰጠበት ቦታ ሁሉ፣ ሌላው ሰው ደብተሩን አጥፎ ቦርሳውን ሲዘጋ እጁን የሚያወጣ አንድ ሰው አለ። በስብሰባ ላይ አይታችሁታል፤ «ሌላ ነገር ከሌለ እንለያይ» ሲባል ጉሮሮውን የሚጠርገው እሱ ነው። በሠርግ ላይም አይታችሁታል፤ ሸሁ ኒካህ ሊያስሩ ሲሉ «ለመሆኑ ሙሽራው ይኼኛው ነው?» የሚለው እሱ ነው። አገር ቢቀይሩ፣ ክፍል ቢቀይሩ፣ ከእሱ ማምለጥ አይቻልም።

ለእኔ የደረሱኝ ምዜ ሼብዋና ናቸው። አዛውንትን በስሙ ብቻ መጥራት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ሁሉም «ምዜ» ይላቸዋል። እኔ ግን በልቤ ሊቀ ጠያቂያን ብዬ ሾሜያቸዋለሁ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ትንሽ ወደብ የጉምሩክ ፈታሽ ነበሩ። «ከረጢቱ ውስጥ ምን አለ? ከሱ ሥርስ? ከዚያኛው ሥርስ?» እያሉ ያረጁ ሰው ናቸው። ሥራው ቀረ፤ ጥያቄው አልቀረም።

የማስተምረው ኪሊፊ ውስጥ፣ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ከሚያስጠጉበት ዳርቻ፣ ዓሣቸውን ከሚያቆዩበት ከማኅበራቸው የበረዶ ቤት ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ነው። ወደ ማምሻው፣ ከአስር ሶላት በኋላ ለጀማሪዎች ኮምፒውተር የማዘዝ ትምህርት እሰጣለሁ። ዋናው ትምህርታችን አሬይ የሚባለው ነው፤ ቁጥሮችን በሰልፍ አቁሞ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ማሠራት ማለት ነው። ክፍሏን ማኅበሩ በነፃ ነው የሰጠን። የማኅበሩ ሊቀመንበር ማማ ዳማ ቁልፉን ሲያስረክቡኝ ግን ነገሩን አላድበሰበሱትም።

«ልጄ፣ ኮርሱ ሲያልቅ ለበረዶ ቤቴ የሚረባ ነገር ታሳዪኛለሽ። ካላሳየሽኝ ክፍሉ የመረብ ማስቀመጫ ይሆናል። መረቦቼ ውጭ እያደሩ አይጥ ጨረሳቸው።»

እኔም እሺ አልኩ። ሊቀ ጠያቂያን እንደሚመዘገቡ ያኔ በምን አውቄ።

በመጀመሪያው ቀን ቁጥሮችን ሰሌዳው ላይ ደረደርኩና አስረዳሁ። «ማሽኑ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። የመጀመሪያው ቁጥር ቦታ ዜሮ ይባላል፣ የሁለተኛው አንድ።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ልንወጣ ስንል የምዜ እጅ ወጣ።

«እኔስ ገብቶኛል፤ ላልገባው ሰው ብዬ ነው እንጂ። ዕድሜዬን ሙሉ ከረጢት ቆጥሬያለሁ፣ ዜሮኛ ከረጢት የሚባል አላጋጠመኝም። የት ነው የሚቀመጠው?»

«ምዜ፣ ዜሮኛውማ ጉምሩክ የወሰደው ነው» አለ ቼንጎ። ቼንጎ የሞተር ታክሲ ነጂ ነው፤ ምላሱም እንደ ሞተሩ ፈጣን ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ምዜ ራሳቸው ቆባቸው እስኪወድቅ ሳቁ፤ ጥያቄያቸውን ግን አልተዉም። ከመሸ ወጣን።

«እኔስ ገብቶኛል፤ ላልገባው ሰው ብዬ ነው እንጂ።» ይህች ዓረፍተ ነገር እንደ ቢስሚላህ ከአፋቸው አትጠፋም። ያልገባው ሰው ማን እንደሆነ ሁላችንም የምናውቅ ይመስለን ስለነበር፣ እሳቸው «እኔስ» ማለት ሲጀምሩ ቼንጎ «ገብቶኛል» ብሎ ይጨርስላቸዋል። ሁልጊዜ ከጎናቸው የምትቀመጠው ምዋናሻ ብቻ አትስቅም። ምዋናሻ ግቢው በር ላይ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ናት። ድምጿን የሰማሁት ስሟን ስመዘግብ ብቻ ነው። ከእሳቸው ጎን መቀመጥ ስለደረሰባት አዝንላት ነበር።

ከሰልፉ መሀል ቆርጦ ማውጣት የተማርን ዕለት ደግሞ ጉድ ሆነ። ከሁለት እስከ አምስት አምጣ ሲሉት ማሽኑ ቦታ ሁለትን፣ ቦታ ሦስትንና ቦታ አራትን ያመጣል፤ ቦታ አምስትን ይተወዋል። ምዜ ተነሡ።

«ላልገባው ሰው ብዬ ነው። አምስተኛውን በስሙ ጠርታችሁት በር ላይ ታስቀሩታላችሁ?»

«የተጠራው አጥሩ የት እንደሆነ ለማሳየት ነው፣ ምዜ።»

«ምስኪን» አሉ ከልባቸው አዝነው። «እንግዳ ነኝ ብሎ መጥቶ አጥር ሆኖ ቀረ።»

ሁሉንም ቁጥር በአንድ ትእዛዝ በሁለት ስናባዛም «ሰነፉም ጭምር ነው የሚያድገው?» ብለው ጠየቁ። አሥራ ሁለት ቁጥሮችን በሦስት ረድፍ ስናቆም፣ እሳቸው በአምስት ረድፍ ካላቆምኩ ብለው ከማሽኑ ጋር ተጣሉ። አሥራ ሁለት ለአምስት እኩል አይካፈልምና ማሽኑ በቀይ ጽሑፍ እምቢ አላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ተነሥተው ቆሙ፣ ቀዩን ጽሑፍ ከመንግሥት እንደመጣ ማስጠንቀቂያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ከዚያ ቁጭ ብለው በሁለት ጣት መልስ ጻፉለት፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የሚጀምር። ማሽኑ ሌላ ቀይ ጽሑፍ ላከባቸው።

«ይመልሳል እንጂ አያዳምጥም» አሉ ወንበራቸውን ወደኋላ እየገፉ። «እንዲህ ያለ አለቃ ነበረኝ።»

እንዲህ እንዲህ ስንል ማማ ዳማ የሚመጡበት ቅዳሜ ተቃረበ፤ ገና ያልነካነው ትምህርት ደግሞ ብዙ ነበር። ሥራችን ይህ ነው፦ የበረዶ ቤቱ ሙቀት በየሰዓቱ ስንት እንደሆነ በአሬይ ደርድሮ፣ ሙቀቱ የሚበረታበትን ሰዓት አውጥቶ፣ የበረዶ ሞተሩ መቼ በሙሉ ኃይል መሥራት እንዳለበት፣ መቼ ማረፍ እንደሚችል መናገር። ነዳጁ እያነሰ ዓሣው እየተበላሸ ስለነበር ይህ ለማኅበሩ ትልቅ ነገር ነው። ተማሪዎቹ ተመካከሩና ቼንጎን ሽማግሌ አድርገው ላኩት።

«ምዜ፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ አንድም ጥያቄ አይጠይቁ። ቪያዚ ካራይ በየቀኑ በእኛ።»

ቪያዚ ካራይ በሊጥ ተነክሮ የሚጠበስ ድንች ነው፤ ምዜ ሲያዩት ዓይናቸው ይርሳል።

«ከነኮምጣጣው የሮቃ ማባያው?» አሉ።

«ከነማባያው።»

«ወላሂ፣ ቅዳሜ ማማ ዳማ ከዚህ ክፍል እስኪወጡ ድረስ አፌን ለድንች ብቻ ነው የምከፍተው።»

ቃላቸውን ጠበቁ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ትምህርቱ ያለ ፌርማታ እንደሚሄድ ማታቱ፣ እንደ ሚኒባስ ታክሲ፣ ይበር ጀመር። «ገብቷችኋል?» ስል «ገብቶናል» ይሉኛል በአንድ ድምፅ። የበረዶ ቤቱ ጠባቂ ሙቀቱን በየሰዓቱ እያነበበ በስልክ ድምፁን ይልክልናል፤ «አንድ ሰዓት፣ ይህን ያህል። ሁለት ሰዓት፣ ይህን ያህል።» ተማሪዎቹም የስምንት ሰዓቱን በቦታ ስምንት፣ የዘጠኝ ሰዓቱን በቦታ ዘጠኝ ያስገባሉ፤ የሌሊቱንም ከቀኑ አስከትለው። ማሽኑ ዜሮ የሚለው እኩለ ሌሊትን መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ምዜ ድንቻቸውን ያኝካሉ፣ ምዋናሻ ሰሌዳውን እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። ከመሸ መውጣት ቀረ።

ቅዳሜ ማማ ዳማ ከኮሚቴው ጋር መጡና ፊት ለፊት ተቀመጡ። ቼንጎ ትእዛዙን ሰጠ። ማሽኑም ሙቀቱ የሚበረታው 08:00 ላይ ነው አለ፤ ሞተሩ በዚያ ሰዓት በሙሉ ኃይል ይሥራ፣ ከቀትር በኋላ ይረፍ።

«08:00 ማለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው?» አሉ ማማ ዳማ።

«አዎ፣ ማማ።»

«ከቀትር በኋላ፣ ቆርቆሮው ሲግል፣ ሞተሩን ላሳርፈው?»

ማሽኑን አየሁት፤ ምንም ጥርጣሬ የለበትም። ማማ ዳማ ቦርሳቸውን አነሡና ወደ ኮሚቴው ዞሩ። «መረቦቹን ሰኞ እናስገባቸዋለን።»

ይኼኔ ምዋናሻ የምዜን ጎን በክርኗ ስትጎሽም አየኋት። ምዜ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ጉንጫቸው አመለከቱ፤ በድንች ተወጥሯል። ደግማ ጎሸመቻቸው። ዋጡና በሹክሹክታ ተናገሩ፤ ግን ሁላችንም ሰማን።

«ወላሂ ብያለሁ እኮ። የዛሬውን አንቺው ጠይቂው።»

ምዋናሻ ተነሣች። እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች። «ምዋሊሙ» አለችኝ፤ መምህርት ማለቷ ነው። «ጠባቂው ስምንት ሰዓት የሚለው እኛ እንደምንቆጥረው ነው፣ ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ። እሱ የሚለው ከቀትር በኋላ ያለውን ነው። ማሽኑ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው። ታዲያ እኛ ሁሉንም ስድስት ሰዓት አስቀድመን አላስቀመጥንም?»

እኔ የዚያው ዳርቻ ልጅ ነኝ፤ በሁለቱም የሰዓት አቆጣጠር ነው ያደግኩት። ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለሉን ስለለመድኩት፣ ለማሽኑ መንገር እንደሚያስፈልግ አላሰብኩም።

«እና…» አለች ድምጿ እየጠነከረ፣ «ቁጥሮቹን እንደገና መጻፍ አለብን? ወይስ ሰልፉን እንዳለ ስድስት ቦታ ወደፊት መግፋት ይቻላል፣ ከጫፍ የሚወድቁት ዞረው ከፊት እንዲገቡ?»

«ይቻላል» አልኩ። «አንድ መስመር ናት።» ቼንጎ ጻፋት። ሰልፉ በክብ እንደሚጨፍሩ ሰዎች ዞረ፤ ማሽኑም 14:00 አለ።

«ከቀኑ ስምንት ሰዓት» አሉ ማማ ዳማ፣ ቦርሳቸውን መልሰው እያስቀመጡ። «ይህንንማ ስንት ጊዜ ነግሬያቸው፣ ኮሚቴው የሴት ወሬ ነው አለኝ። አሁን ማሽን ተናገረ።» ወደ ኮሚቴው አዩ፤ ኮሚቴው ወለሉን አየ። «መረቦቹ ውጭ ይደሩ። ለአይጡ ሌላ መላ እንፈልጋለን።»

ማማ ዳማ ሲወጡ ቼንጎ ወደ ምዋናሻ ዞረ። «እስካሁን የት ነበርሽ አንቺ?»

«እዚሁ ነበርኩ» አለች። «የዜሮው ጥያቄ የኔ ነበር። ከረጢቱን ምዜ ጨመሩበት። የአምስተኛውም የኔ ነው። እናንተ ሁላችሁ ደንበኞቼ ናችሁ፤ በቀን ስቃችሁብኝ በማታ ዓሣዬን በምን ዓይን ልሽጥላችሁ? ምዜ ለኔ ሹክ በይኝ፣ እኔ ሲሳቅብኝ ለምጄዋለሁ አሉኝ።»

«ሰነፉ ቁጥር ያድጋል ወይ ያሉትስ?» አለ ቼንጎ።

«እሱ የራሳቸው ነው።»

«ለማሽኑ የተጻፈው ደብዳቤስ?»

«እሱም የራሳቸው ነው።»

ምዜ ቆባቸውን አስተካከሉ። በሰው ፊት ራቁታቸውን የተያዙ ይመስል አፍረው ነበር። እኔ ዓይኔን እንባ ሞላው፤ በዚያች ክፍል ውስጥ እኒህን ሰውዬ የምለውጥበት ሰው እንደሌለ ገባኝ።

አዲሱ ኮርስ ሲጀመር ሊቀ ጠያቂያን እንደገና ተመዘገቡ። ያንኑ የጀማሪዎች ትምህርት፣ ከመጀመሪያው። ምዋናሻ አሁን የበረዶ ቤቱን ሙቀት ለማኅበሩ የምትይዘው እሷ ናት፤ ሲመቻት መጥታ ከፊት ትቀመጣለች፣ የምትጠይቀውንም ራሷ ትጠይቃለች። የምዜ ወንበር ከጎኗ ባዶውን ይጠብቃቸው ነበር። እሳቸው ግን በሩ ላይ ቆመው ክፍሉን አንድ በአንድ ፈተሹት፣ ልክ ጀልባ እንደሚፈትሹ። ከኋላ ጥግ ላይ ጫማውን ብቻ የሚያይ አንድ ግዙፍ የታንኳ አናጢ ተቀምጧል። ወንበር ጎትተው አጠገቡ ሄዱና ጆሮው ላይ አንድ ነገር አሉት። ሰውዬው ቀና አለ።

እኔም ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን የመውጫ ሰዓት በመዳፌ ጠረግሁና ግማሽ ሰዓት ጨምሬ ጻፍኩ።