ኦድቫር ስካሬት አራተኛውን ክፍል ያነበቡበት ፋሲካ

በምድጃው ዳር ወንበር ላይ በተቀመጡ በሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ ታናሽ ወንድማቸው አይሊፍ ባረፈ በሦስተኛው፣ በረዶው የተራራውን ጎጆ መስኮት ወገብ በያዘበትና በሩ ያለ አካፋ በማይከፈትበት ዘመን፣ በዕለተ ጸሎተ ሐሙስ፣ ቀድሞ የኖርዌይ የዋሻ መንገዶች ተቆጣጣሪ የነበሩት፣ ዛሬ ጡረታ ወጥተው ማረፍን ግን እንቢ ያሉት፣ የገዳዮች ጠላት፣ የሰነፍ ደራሲ መቅሠፍት፣ ባለ ክር መነጽሩ ኦድቫር ስካሬት የዳቦውን ቢላዋ አነሡ፤ አዲሱንም የግድያ ልብ ወለድ በጠረጴዛው ላይ አጋድመው፣ ጀርባውን ሰንጥቀው፣ ከአንድ አምስት አደረጉት።

ይህን ሰምቶ የሚደነግጥ ይኖራል፤ አይደንግጥ። በኖርዌይ በፋሲካ ሰሞን ተራራ ላይ ወጥቶ ብርቱካን እየላጡ ስለ ግድያ ማንበብ ግዴታ ነው፤ መጽሐፉ ግን አንድ ነው፣ አንባቢው ብዙ ነው። ስለዚህ የኦድቫር አባት የመቶ ገጽ ሕግን ደነገጉ፤ ይኸውም መጽሐፍ በየመቶ ገጹ ይቆረጥ፣ የፊተኛው የጨረሰውን ክፍል ለኋለኛው ያቀብል፣ ማንም ማንንም አይጠብቅ የሚል ነው። መጽሐፍ መቁረጥ ነውር ነው የሚሉ ሰዎች መጽሐፋቸውን ሳይገልጡት በመደርደሪያ ላይ አቧራ የሚያበሉ ናቸውና አንሰማቸውም።

በዚያ ፋሲካ ከኦድቫር ኋላ የተሰለፈው ሠራዊት ይህ ነበር፤ እቴጌ ቱሪድ፣ ሚስታቸው፣ በመጽሐፉ ውስጥ የሰው አንገት ሲቆረጥ እንኳ ከሚሠሩት የሹራብ ካልሲ አንዲት የክር ቋጠሮ የማታመልጣቸው፤ ሻርታን፣ አማቻቸው፣ በሙያው የጥርስ ሐኪም፣ ስሙ መጀመሪያ የተጠራውን ሰው ሁሉ ገዳይ ነው ብሎ የሚይዝ፤ ባምሴ፣ ውሻው፣ የመጽሐፉ ሽፋን ለማኘክ የሚሰጠው። ከሠራዊቱ ተለይተው በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ደግሞ ቦርግሂልድ ነበሩ፣ የሟቹ የአይሊፍ ሚስት። እርሳቸው ስለ ሩቅ ዓለማት የተጻፈ የራሳቸውን መጽሐፍ ይዘው መጥተው፣ በዚያው ቢላዋ፣ በዚያው ሕግ፣ አምስት ቦታ ቆረጡት። የሚያቀብሉት ሰው ግን አልነበራቸውም። ከሦስት ዓመት በፊት አይሊፍ ይቀበላቸው ነበር፤ አሁን የጨረሱትን ክፍል በአግዳሚው ወንበር ላይ ይከምሩታል፣ ክምሩም እዚያው ይቀራል።

ወእምድኅረ ዝንቱ ኦድቫር ሁለቱን የመጀመሪያ ክፍሎች እስከ ከሰዓት ድረስ ጨርሰው፣ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ የመጀመሪያውን አዋጅ አወጁ።

«ስሙኝ! የዘንድሮው መርማሪ ሚስቱን ፈትቷል። የአምናውም ፈትቶ ነበር። የካቻምናው ሁለቴ ፈትቶ ነበር። እዚህ አገር ሚስት ያለው ፖሊስ ጠፋ እንዴ? ሁሉም ይጠጣል፣ ሁሉም ጉልበቱን ያመዋል፣ ሁሉም ለልጁ ስልክ ደውሎ አያውቅም! ገዳዩ ደግሞ በመሃል በመሃሉ በተጋደመ ፊደል ብሶቱን ይጽፍልናል፤ ማን ጠየቀው? ከሁሉ የባሰው ግን ይሄ ተራኪ መቀያየር ነው። አንዱን ለመድኩት ስል፣ ክፍል ሲቀየር አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ‹እኔ፣ እኔ› እያለች ትመጣብኛለች። በዚህ ዘመን ሰው ቀጥ አድርጎ ታሪክ መናገር አቃተው!»

አንባቢ ሆይ፣ ይህችን የመጨረሻዋን ክስ ያዛት፤ ጌታዋን የምትጥለው እርሷ ናትና።

ኦድቫር በዚህ ቢያበቁ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ዐይናቸው ወደ መስኮቱ ሄደና ጨመሩ። «ያኛው መጽሐፍ ላይ ግን ምንም አልልም። አንድ ገጽ አላነበብኩም፣ አላነብምም። ኋላው ላይ የቃላት መፍቻ ያለው ልብ ወለድ፣ ልብ ወለድ ሳይሆን የቤት ሥራ ነው።»

ቦርግሂልድ ዐይናቸውን ከገጹ ሳያነሡ የመልስ አዋጅ አወጡ። «ዋሻውንም እንደዚሁ ሳትገባ ነበር እንዴ ደህና ነው ብለህ የምትፈርመው?»

ሻርታን በብርቱካኑ ታነቀ። እቴጌ ቱሪድ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንዲት ቋጠሮ አመለጠቻቸው። ኦድቫር ስካሬትም በንዴት ተነሥተው ጎጆውን ያናወጠውን ታላቁን አዋጅ አወጁ። «እሺ! ነገ ዓርብ ምሳ ላይ የገዳዩን ስም እናገራለሁ። ከተሳሳትኩ የከርሞውን መጽሐፍ ቦርግሂልድ ትምረጥ፣ ማርስም ይሁን ምን ሁላችንም እናነበዋለን። ካልተሳሳትኩ ግን ስለ ሌላ ዓለም የሚያወራ መጽሐፍ ዳግመኛ በዚህ ቤት ቢላዋ አይነካውም!»

ይህም በጎጆው መዝገብ ላይ ተጻፈ። መዝገቡ የአየሩን ጠባይ፣ የመጣውን እንግዳ፣ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ ያለውን መንገድ በአካፋ የጠረገውን ሰው ስም የሚይዝ ሲሆን፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በኦድቫር እጅ «ተሳስቻለሁ» የሚል ቃል አልተጻፈበትም። ቦርግሂልድ ስማቸውን ከአዋጁ ሥር ከማኖራቸው በፊት ቃሉን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከተሸነፉ በዚያ ጎጆ የአይሊፍ መጻሕፍት ዘር እንደሚያልቅ ያውቁ ነበርና።

ወበሳኒታ፣ በዕለተ ስቅለት ማለዳ፣ ኦድቫር ገና በባዶ ሆዳቸው በወተት ካርቶኑ ላይ ለፋሲካ የምትታተመውን አጭር የግድያ እንቆቅልሽ ገጠሙ። ዳቧቸውን ቡናማውን የፍየል አይብ ሳይቀቡ «አትክልተኛው ነው!» ብለው ጮኹ፤ ካርቶኑ ሲገለበጥም አትክልተኛው ሆኖ ተገኘ። በዚህ ድል ልባቸው ደንድኖ፣ ሦስተኛውን ክፍል በአንድ ትንፋሽ ፈጅተው፣ አራተኛውን ሊያነሡ እጃቸውን የእርሳቸውም ክምር ወዳለበት አግዳሚ ሰደዱ።

አሁን የሆነውን በትክክል እንጻፍ፣ የሚዋሹ አሉና። ቦርግሂልድ ክፍሎቹን ሆን ብለው ለዋወጡ የሚሉ ሐሰተኞች ናቸው። ሻርታን ከበረዶ ሲመለስ እርጥብ ጓንቱን የሚያሰጣበት ቦታ አጥቶ ሁለቱን ክምሮች ገፋቸው፤ አንዱ ሌላው ላይ ወደቀ፤ ከላይ ብርቱካን ቆለለበት። ሁለቱም መጻሕፍት ወረቀታቸው አንድ ዓይነት ነበር፤ ሁለቱም በየመቶው ተቆርጠዋልና የሁለቱም አራተኛ ክፍል ከገጽ 301 ይጀምር ነበር፤ የዛሬ አሳታሚ ደግሞ የመጽሐፉን ርእስ በየገጹ አናት ላይ ማተም ትቷል፣ ቀለም ሊቆጥብ ይሁን አንባቢ ሊያደናግር እርሱ ይወቅ። እነሆ ኦድቫር ያነሡት የቦርግሂልድን አራተኛ ክፍል ነበር።

በመጀመሪያው መስመር አንዲት ሴት «እኔ» አለች። ኦድቫር «ይኸው! አላልኳችሁም?» ብለው አጉረመረሙ፤ ምንም አልጠረጠሩም። የግድያው መጽሐፍ በሰሜን በረዶ ላይ ባለ የምርምር ጣቢያ ውስጥ ነበር፤ ይህም በበረዶ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ሁለት ጨረቃ ወጣ ስትል፣ ኦድቫር ያ ሰካራም መርማሪ ጠርሙሱን አጋብቶባታል ብለው አለፉት። ማንኪያ ከጠረጴዛ ወድቆ ወለሉ እስኪደርስ ብዙ ቆየ ሲባል፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ያላገኙት የአጻጻፍ ውበት ነው ብለው በእርሳስ አሰመሩበት።

ከዚያ በኋላ ግን ማሰመሩን ረሱ። ሴትዮዋ የአየር ለኪ ነበረች። በጣቢያው ሰባት ሰዎች ነበሩ፣ አየሩ ለስድስት ብቻ ይበቃ ነበር፤ እርሷ በየማለዳው ስትለካ ሊያልቅ የሚገባው አየር አላለቀም። ከሰባቱ አንዱ፣ ሲቀልድ የሚውለው፣ ማንም ቁም ነገር ብሎ የማያዳምጠው ሰው፣ የድርሻውን አየር በየሌሊቱ እየቀነሰ ለሌሎቹ ይተው ነበር። ለኪዋ ይህን ያወቀችው ቀልዱ ካቆመ በኋላ ነበር። ኦድቫር እዚህ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

እቴጌ ቱሪድ አወጁ፦ «ኦድቫር፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ጭሱ ነው!» ብለው አወጁ። ምድጃው ግን አልተለኮሰም ነበር።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ኦድቫር በሹካ ብርጭቆ መትተው ተነሡ፤ ድምፃቸው የወትሮው አልነበረም። «ገዳይ የለም! ስንት ዓመት ሙሉ ማን ገደለ፣ ማን ገደለ ስንል ቆየን፤ ይሄ ደራሲ ግን ማን አዳነ ብሎ ጠየቀ። ሰውየው አየሩን ለጓደኞቹ ትቶ ነው የሞተው። የስድብ ቃሌን በሙሉ አንሥቻለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አላነበብኩም!»

ሻርታን ገና ሦስተኛው ክፍል ላይ ነበርና «የምን አየር?» አለ። ቦርግሂልድ ሹካቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ቀጥሎ ያወጡት አዋጅ የድል አዋጅ አይመስልም ነበር፤ ሰው ተኝቶ ሳለ እንደሚነገር ነገር ዝቅ ያለ ነበር። «ኦድቫር፣ ያነበብከው የኔን ነው።»

ሻርታን ወደ አግዳሚው ሮጦ ብርቱካኑን አፈራረሰ፤ ከሥሩም ያልተነካውን የግድያ መጽሐፍ አራተኛ ክፍል አወጣ፤ ኦድቫር ያነበቡትንም ገለጥ አድርጎ አይቶ መቻል አቅቶት «ሁለት ጨረቃ ስታይ ምንም አልመሰለህም?» አለ።

«መርማሪው ያጠጣት መስሎኝ ነው!» አሉ ኦድቫር፣ ጎጆውም በሳቅ ተናጋ። ቦርግሂልድ ብቻ አልሳቁም።

ኦድቫር ስካሬት አካፋቸውን ይዘው ወጡ። ከማለዳው የተጠረገውን የመጸዳጃ ቤት መንገድ እንደገና ጠረጉት፤ ባምሴም ተከተላቸው። በዚያ ታላቅ ዘመቻ ላይ ሳሉ አንድ መከላከያ አዘጋጁ፤ «አውቄ ነው፣ ልፈትናችሁ ብዬ ነው» የሚል። ሁለት ጊዜ ለውሻው አሰሙት፤ ውሻው አዛጋ። ሦስተኛ ሊያሰሙት ሲሉ ሌላ ነገር ትዝ አላቸው። አይሊፍ በየፋሲካው፣ ሃያ ስምንት ፋሲካ ሙሉ፣ ስለ ሩቅ ዓለማት የሚያነበውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል በኦድቫር ወንበር ክንድ ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ ምንም አይልም፣ አስቀምጦ ቀልዱን ይቀጥላል። ኦድቫርም የቡና ኩባያቸውን ያኖሩበት ነበር። ሃያ ስምንት መጻሕፍት፣ በእያንዳንዱ ላይ የኩባያ ክብ።

አካፋው በበረዶው ላይ ተተክሎ ቀረ።

ተመልሰው ሲገቡ ማንንም አላዩም፤ ቀጥታ ወደ መዝገቡ ሄደው፣ ቆመው፣ በትልልቅ ፊደል ጻፉ፤ ሁሉም በትከሻቸው ላይ አንገቱን አስግጎ አነበበ። «ዓርብ። ፀሐይ፣ ከዜሮ በታች አራት። መንገዱ ሁለቴ ተጠርጓል። ተሳስቻለሁ። ያነበብኩት የቦርግሂልድን መጽሐፍ ነው። ስለ መጽሐፉ ያልኩትን ግን አላነሣም። ኦድቫር ስካሬት።»

ከዚያም ወደ መስኮቱ ዞረው፣ ዋሻ ሲመረምሩ እንኳ ለአለቃ ባላሰሙት የትሕትና ድምፅ፣ «አምስተኛውን ጨርሰሽዋል?» አሉ።

«ጨርሻለሁ። ግን አልሰጥህም» አሉ ቦርግሂልድ። «እንደ ሰው ከአንደኛው ጀምር። ሰውየው ሲቀልድ ሳታየው ዝም ማለቱ አይገባህም።»

ይህን አዋጅ ኦድቫር ያለ ክርክር ተቀበሉ፤ እንዲህ ያለ ነገርም በዚያ ተራራ ከዚያ በፊት አልታየም። አንደኛውን ክፍል ይዘው በምድጃው ዳር ወንበር ተቀመጡ። ቡና በቀረበላቸው ጊዜ ኩባያው የሚያርፍበት ፈለጉ፤ ሻርታን ያወጣውን የግድያ መጽሐፍ አራተኛ ክፍል ስበው አኖሩበት። በዚያ የግድያ መጽሐፍ ውስጥ ማን እንደ ገደለ እስከ ዛሬ አያውቁም፤ ሊነግራቸው የሞከረውም ሻርታን በብርቱካን ልጣጭ ተመቷል።

እንግዲህ ጀግና የሚባል ማን ነው? ገዳይ ያወቀ ብዙ ነው፣ በየወተት ካርቶኑ ላይ ያለ ነው። ነገር ግን በቤተሰቡ ሁሉ ፊት ጮኾ የተናገረ፣ በዚያው ቀን በዚያው እጅ መሳሳቱን የጻፈ፣ ከጻፈም በኋላ የወደደውን አልወደድኩም ብሎ ያልካደ፣ ከዋሻ ሁሉ የጨለመውን የገዛ ቃሉን ገብቶ በወዲያኛው በኩል የወጣ፣ እርሱ ኦድቫር ስካሬት ነው፤ ስሙ በጎጆው መዝገብ፣ ከአየሩ ጠባይና ከአካፋው ሥራ መካከል፣ ለዘላለም ይኑር!

የዚያ ፋሲካ የመጨረሻ አዋጅ የወጣው ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ ነው። ኦድቫር ዐይናቸውን ከገጹ ሳያነሡ፣ እጃቸውን ብቻ ወደ መስኮቱ ዘርግተው፣ «ሁለተኛውን!» አሉ። ቦርግሂልድ ግን ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምረው ክፍሉን በጉልበታቸው ላይ አዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር።