የተፈናጣጯ ካርድ

ትናንት በቀትር ተካልኝ ግንባሩን የሚስቱ ካርድ ላይ አሳርፎ ሕልም አየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተካልኝ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው። ሐኪም የጻፈውን እያነበበ ለእያንዳንዱ ጉዳት ቁጥር ይሰጣል። ከተማችን ደግሞ ከሞተር ሌላ ታክሲ የላትምና ከሞተር የወደቀ ሰው ካርድ በየቀኑ ይቆለልበታል። የቁጥሩ መጨረሻ ላሽከረከረው ነጥብ አራት፣ ከኋላ ለተፈናጠጠው ነጥብ አምስት ነው። ትናንት ከቁልሉ ላይ ያነሳው ካርድ «ዓይናለም ጋሻው፣ 33 ዓመት፣ ከሞተር የወደቀች፣ ተፈናጣጭ። ጉልበቷ ተልጧል። በቀኝ ባቷ ውስጠኛ በኩል የቆየ የማርሚታ ቃጠሎ ጠባሳ አለ» ይላል።

ዓይናለም ሚስቱ ናት። ወደ ድንገተኛ ክፍል ሊሮጥ ብድግ አለ። «የቆየ» የምትለዋን ቃል ሲያነባት ግን ተመልሶ ቁጭ አለ። ጠባሳውን ያውቀዋል፤ ካውያ ነው ያቃጠለኝ ብላው ነበር። የሞተር ማርሚታ፣ ያ የጋለ የጭስ ማውጫ፣ ከሆነ፣ ያውም የቆየ ከሆነ፣ ዛሬ የመጀመሪያዋ አይደለም ማለት ነው። ታክሲ ከሆነስ ለምን ዋሸችው? ከማን ኋላ? ወገቡን ይዛ ነው ወይስ የኮርቻውን ብረት? በአራትና በአምስት መካከልስ ምን ያህል ክፍተት ነበር? ቅናቱ አደከመው። ግንባሩ ካርዱ ላይ ዘጭ አለ።

ወዲያው ራሱን ከመስኮቱ ውጭ፣ ሰልፍ ላይ አገኘው። በሽተኞቹ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሐኪሞቹ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው በሽታ እንዲሰጣቸው ይለማመጣሉ። እግራቸው በጀሶ የታሰረ አንዲት እናት በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«ምንህን ነው?» አሉት።

«እኔ እዚሁ ነው የምሠራው፤ ቁጥር የምሰጠው እኔ ነኝ።»

«እሱ ድሮ ቀረ። አሁን የምንሰጠው እኛ ነን። ምንህን ነው?»

«ቀንቼ ነው፣ እማማ።»

እናትየው መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አገላበጡ። «ቅናት የሚባል የለንም። ውሻ ነክሶኝ ነው በልና ልጻፍልህ?»

ተካልኝ እምቢ ብሎ ወጣ። መንገዱ ላይ ሞተሮች ሰው ላይ ተፈናጥጠው ይሄዳሉ። የሆስፒታሉ ኃላፊ አንድ ቀይ ሞተር አዝለው ዳገቱን ላብ በላብ ሆነው ይወጣሉ። ሞተሩ አንገታቸውን በሁለት ጎማው እቅፍ አድርጎ «ቀስ ይበሉ፣ ጉድጓድ አለ» ይላቸዋል። ተካልኝ በሞተሩ እንኳ ቀና። እንደዚያ ጥብቅ አድርጎ ያቀፈው ማንም እንደሌለ ትዝ አለው።

ቀጥሎ ራጅ ክፍል ነበር። ባለሙያው ፊልሙን ወደ መብራቱ ከፍ አደረገው። በተካልኝ ጎድኖች መካከል ሄልሜት ያጠለቀ ሰው እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል።

«አጥንትህ ደህና ነው» አለው ባለሙያው። «ሰውየው ግን በጣም ተመችቶታል።»

«አውጣልኝ!»

«አንተ ነህ የምትቀልበው፤ እኔ ምን አገባኝ?»

ከራጁ ክፍል ሲወጣ ፍርድ ቤት ገባ። ዳኛው የሚስቱ ጠባሳ ነበር። የሻይ ብርጭቆ አፍ አክሎ፣ ዙሪያው ጠቆር ብሎ፣ ከፍ ያለው ወንበር ላይ ተሰይሟል።

«አታውቀኝም?» አለው ጠባሳው።

«ካውያ ነህ ብላኝ ነበር።»

«አምነህ ነበር?»

«እስከ ዛሬ።»

«እንግዲያው ተከሳሹ ይግባ!»

ባለሄልሜቱ ሰው በሞተር ገባ። ዓይናለም ከኋላው ተፈናጥጣለች፤ ጉንጯን ጀርባው ላይ ጥላለች፤ እየሳቀችም ነው። ተካልኝ እንደዚያ ስትስቅ ካያት ዓመታት አልፈዋል። ማስመሪያ አውጥቶ በሁለቱ መካከል ሊለካ ሞከረ። ማስመሪያው አልገባም። ወረቀት ሞከረ፤ ወረቀቱም አልገባም። ያን ጊዜ ደሙ ፈላና የሰውየውን ሄልሜት መነጨቀው። ከሥሩ ሌላ ሄልሜት አለ። እሱንም መነጨቀ፤ ከሥሩ ሌላ። አዳራሹ በሄልሜት ሞላ። የመጨረሻውን ሊያወልቅ እጁን ሲሰድ ከውስጥ አንድ ሰው ሳለ። ሳሉን ያውቀዋል፤ የራሱ ሳል ነው።

«ተካልኝ!»

ነቃ። ዓይናለም ጉልበቷ በፋሻ ተጠቅልሎ በመስኮቱ በኩል ቆማለች። የካርዱ ቀለም ግንባሩ ላይ ታትሟል።

«ካርዴ እጅህ ላይ ሆኖ ሳትመጣ ቀረህ?» አለችው።

እንዴት ሆንሽ ማለት ነበረበት። «ጠባሳው ከየት ነው የመጣው?» አለ።



«ያንተ ነው» አለችው። «ሳንጋባ፣ የአጎትህን ልጅ ሞተር ተውሰህ ሐይቁ ድረስ የወሰድከኝ ቀን። ባቴን ጠበሰኝ። ያን ቀን በመንዳትህ እንዴት እንደኮራህ! ካለቀስኩ ደግመህ አትወስደኝም ብዬ ዋጥኩት። ኋላ ስትጠይቀኝ ደግሞ አፈርኩና ካውያ ነው አልኩህ።»

ተካልኝ ፊቱ በራ። ለካ እስካሁን የቀናው በራሱ ኖሯል! ሊስቅ አፉን ከፈተ።

«ሄልሜቱ አንድ ብቻ ነበር» አለች ዓይናለም። «ማን አድርጎት እንደነበር ታስታውሳለህ?»

ያስታውሳል። አፉን ዘጋ።

«የዛሬው ባለሞተር ስሜን እንኳ አያውቅም። ገና ሞተሩ ላይ ሳልወጣ ሄልሜቱን ከራሱ አውልቆ አጠለቀልኝ። ይኸው እኔ ጉልበቴ ብቻ ተላጠ። እሱን ጭንቅላቱን እየሰፉት ነው፤ አጠገቡ ሰው የለም፤ ልሂድ።»

እያነከሰች ሄደች። ተካልኝ ከመስኮቱ ሆኖ እስክትታጠፍ ድረስ አያት። ከዚያ ከቁልሉ ላይ ቀጣዩን ካርድ አነሳ። አሽከርካሪ፣ ወንድ፣ 52 ዓመት፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ሄልሜት አላደረገም። ነጥብ አራት ብሎ ጻፈ። በሕልሙ ጎድኖቹ መካከል ተቀምጦ የነበረው ሰውዬ እንደገና መጥቶ ቁጭ አለ፤ የአሁኑ ግን ባለሽበት ነው፣ ራሱ ላይም ሄልሜት የለም። ፎርሙ ላይ «ሄልሜቱን ለማን ሰጠ?» የሚል ቦታ የለም። ቢኖር ኖሮ ተካልኝ የሚስቱን ስም በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር።